ጀርባ ሳይሰጡ መውጣት

ለተከበሩ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ሳሉ ለቀቀዎት? እናቴ ዓይኗን የጋረዳት ነገር ቀለል አላት? ንቦቹስ በዚህ ድርቅ አበባ አገኙ? እኔና ባለቤቴ ሬሚሂያ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን። እኅቴ ኦፌልያ ይህን ስታነብልዎት ቀስ ትበል፤ መሮጥ ትወዳለች።

ባለፈው ስንለያይ ለጠየቁኝ መልስ አልሰጠሁም። «ለእንግዶች የውኃ ዋሻ ስታሳይ ስትውል፣ ከዚያ ከዝናቡ ጌታ ቤት ስትወጣ ጀርባህን ትሰጠዋለህ?» አሉኝ። ቀጥለውም «እንግዲያው ለዝናብ ልመናው ከእኔ ጋር ወደ ውኃው አትወርድም» አሉ። እውነትዎን ነው፤ ስንወጣ ዞረን ነበር የምንወጣው። ሌላ መንገድ አላውቅም ነበር።

ሌላ መንገድ ግን አለ። ጠላቂዎች በጠባብ ቦታ ሳይዞሩ ወደ ኋላ የሚዋኙበት ዘዴ ነው። የዋሻው ደለል እንደ ዱቄት የላመ ስለሆነ አንዴ ከተነሣ የገዛ እጅዎ አይታይዎትም። ዘዴውን የምታስተምረው ዶኛ ኔልዲ ከእኛው ወገን ናት፤ አባቷም እንደ እርስዎ በቆሎ ዘሪ ነው።

ሲነገር ቀላል ነው። በደረት ተኝቶ እግሮችን ወደ ኋላ ዘርግቶ መግጠም፤ ከዚያ እንደ ዓሣ ክንፍ የተዘረጋውን የጠላቂ የላስቲክ ጫማ አፍንጫ ወደ ቅልጥም ሳብ፣ ወደ ውጭ ገልበጥ አድርጎ፣ በእግር ጀርባ ውኃውን ወደ ራስ በኩል መጥረግ። ሲመልሱት ደግሞ ጫማውን እንደ ቢላ ስለት በጎኑ አድርጎ በዝግታ ነው፤ ከቸኮሉ ወደ ነበሩበት ይመልስዎታል።

እኔ ግን በጠረግሁ ቁጥር እግሬ ወደ ታች ወርዶ ደለሉን ይመታል። ዶኛ ኔልዲ ከውኃ ስንወጣ «ዶን ኢላሪዮ፣ ዛሬም በቆሎ ዘርተህ አፈር መለስህበት?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ዘር ጥሎ በእግር መሸፈን ከልጅነት የለመድሁት ነው፤ እግሬ ውኃ ውስጥም ማሳው ላይ ያለ ይመስለዋል።

ስለዚህ ቤት ውስጥ በተንጠለጠለው የገመድ መኝታችን ላይ በደረቴ ተኝቼ፣ ጫማውን እንዳደረግሁ መለማመድ ጀመርሁ። ሬሚሂያ ጎረቤቷን ጠርታ «ነይ እይ፣ ባሌን እንደ ዓሣ ሰቅዬ እያደረቅሁት ነው» አለቻት። ይሳቁ። የእግሬ ጀርባ ገመዱን ሲስብ ሰውነቴ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ሥራው የጭን ሳይሆን የቁርጭምጭሚት መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

ዓርብ ዕለት ዶኛ ኔልዲ ሰው ወደማይዞርበት ጠባብ ክፍል ወሰደችኝ። ሳንጠልቅ «ደለሉን ካስነሣህ ወደ ማሳህ ተመለስ፤ እዚህ ደግመህ አትገባም» አለችኝ። እሷ ከክፍሉ አፍ ቀረች፤ እኔ ገባሁ።

አባቴ፣ ከክፍሉ መጨረሻ፣ ከድንጋዩ ጠርዝ ላይ ሦስት እንስራዎች ተቀምጠዋል። ማን እንዳስቀመጣቸው የሚያውቅ የለም። ውኃው ከመጥራቱ የተነሣ በአየር ላይ ያሉ ይመስላሉ። በአንደኛው ከንፈር ላይ የሠሪው አውራ ጣት አሻራ አለ፤ ጭቃው ገና ያልደረቀ ያህል ይታያል። የእኔን አውራ ጣት ያክላል። የምንተነፍሰው ከተሸከምነው የአየር ታንክ ስለሆነ እዚያ ታች ትንፋሽ መያዝ ክልክል ነው፤ እኔ ግን ያዝሁ።

ከዚያ እግሬን ገጠምሁ፤ ሳብሁ፤ ጠረግሁ። የሄድሁ አልመሰለኝም። ቀና ስል አሻራው አይታየኝም፤ እንስራዎቹ ግን ፊት ለፊቴ ናቸው። ደግሜ ጠረግሁ። ግድግዳው በግራና በቀኝ ወደ ፊት ይሄዳል፤ እነሱ በዝግታ ይርቃሉ። አንዲት የደለል ቅንጣት አልተነሣችም። እርስዎ ራስዎን ዝቅ አድርገው ከውኃው ጠርዝ ወደ ኋላ እያሉ ሲወጡ የሚያዩት ምን እንደሆነ በዚህ ዕድሜዬ አየሁ። የቤቱን ጌታ እስከ በሩ ድረስ እያዩት ነው የሚወጡት። ከክፍሉ አፍ ስደርስ የእጅ መብራቴ አልደርስ ብሏቸው ጨለማው መልሶ ወሰዳቸው።

ከውኃው ስንወጣ ዶኛ ኔልዲ «ዛሬ ዘሩን ሳትሸፍነው መጣህ፤ ወፍ ይበላዋል» አለችኝ። ከእሷ ምስጋና ማለት ይህ ነው።

ለጥያቄዎ መልሴ እንግዲህ፣ ጀርባዬን አልሰጠሁትም።

እናቴን ጉልበቷን ስሜያለሁ። ኦፌልያን ከነልጆቿ፣ አጎቴንም ከነቀፎዎቹ ሰላም ይበሉልኝ። ለልመናው ሲወርዱ ይላኩብኝ። ሲገቡ እከተልዎታለሁ፤ ወደ ኋላ እያልን ስንወጣም ከኋላዎ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ጉልበትዎ ቢከዳዎት እይዝዎታለሁ።

ልጅዎ ኢላሪዮ
ቱሉም፣ መጋቢት ፲፩ ቀን