«ተመስገን» ተብሎ የተሞላ ቅጽ

ጥቅምት 8 ቀን 2003 ዓ.ም.
ለማንም አልነግረውም፤ ዛሬ ዋሸሁ። ለቀን ሠራተኛ ዝቅተኛ የክፍያ ወለል ይውጣ ተብሎ በማርቆስ ከተማ ጥናት ተጀምሯል፤ ጠያቂ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ኮብልስቶን ወደሚነጠፍበት ሄድኩ። ወለተ ሐዋርያት የምትባል ድንጋይ ተሸካሚ አገኘሁ። የሦስት ልጆች እናት፤ በቀን አሥራ አምስት ብር።
«ይበቃሻል?»
«ተመስገን! ይበቃኛል እንጂ።» ድንጋዩን አስቀመጠችና፣ «አንችስ እታለም፣ ለሠራተኛሽ ስንት ትከፍያለሽ?»
ሠራተኛዬ የብርጓል እኔ ቤት በወር ሰማንያ ብር ነው የምታገኘው። መቶ ሃምሳ አልኩ... ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

ጥቅምት 11
ሃያ ስምንት ሰው ጠየቅሁ። ሁሉም «ተመስገን»። አያ ቢተው፣ ሽበታቸው በአሸዋ አቧራ የተሸፈነ፣ «ልጄ፣ ጎደለኝ ብዬ ፈጣሪን ላስቀይም?» አሉኝ። ቅጹ ላይ ያለው ግን «ይበቃል» እና «አይበቃም» ብቻ። «ይበቃል» ላይ ምልክት አደረግሁ። ምን ላድርግ?

ጥቅምት 12
ሚካኤል። በዓል ነው፣ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ክፍያም የለም። ወለተ ሐዋርያትን ቤተ ክርስቲያን ደጅ አየኋት። የደረሳትን ዳቦ ሳትቀምስ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። «ለልጆቹ ራት» አለች፣ ሳቅ ብላ። የሚበቃው ይኼ ነው?

ጥቅምት 16
ስብሰባ። የጥናቱ ኃላፊ አቶ አንሙት፣ «ሠራተኛው ራሱ ይበቃኛል ብሏል፤ ወለሉ አሥራ አምስት ብር ይሁን» አሉ። ተጨበጨበ። የተጨበጨበው እኔ ቅጹ ላይ ላደረግሁት ምልክት ነው...
ተነሣሁ። «ጥያቄያችን ነው የተሳሳተው። እኛ አገር ‹ይበቃሃል?› ሲባል አይበቃኝም የሚል ማን አለ? እርስዎስ ይላሉ?»
አቶ አንሙት፣ «እስከ ሰኞ ጠይቀሽ አምጪ።»

ጥቅምት 17
አሁን «ይበቃሻል?» የለም። «ትናንት ምን በላችሁ?» ብቻ።
ወለተ ሐዋርያት፣ «ልጆቹ ቆሎ። እኔ... እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ።»
እንዳለችው ጻፍኩት። «ተመስገንስ?» አልኳት።
«እሱማ አለ። ግን እሱ የእግዜር ነው እታለም፤ የአሠሪው አይደለም።»

ጥቅምት 21
ሃያ ስምንቱም ቅጽ እንደገና ተሞልቷል። የቀረኝ የራሴ ቤት ነበር። የብርጓልን «ይበቃሻል?» ልላት ስል አፌን ያዝኩ። «ሉማሜ ላለችው እናትሽ ለመጨረሻ ጊዜ ብር የላክሽው መቼ ነው?»
ሳህን እያጠበች፣ ቀና ሳትል፣ «ለፋሲካ ነው፣ እትዬ።»
ከዚህ ወር ጀምሮ መቶ ሃምሳ። ያ የዋሸሁት ቁጥር።
ነገ ቅጾቹን አቶ አንሙት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። ወለሉ ከፍ ቢልም፣ እዚያው ቢቀርም፣ የሆነውን እዚሁ አሰፍረዋለሁ... በዚህኛው ሳልዋሽ።