ካርታ መሥራትን ለሁሉም እጅ ያቀረቡት ወ/ሮ ሆሳዕና ታፈሰ (1975–2010 ዓ.ም.)

ወ/ሮ ሆሳዕና ታፈሰ ከአባታቸው ከአቶ ታፈሰ ወርቅአፈራሁና ከእናታቸው ከወ/ሮ አሰጋሽ ከፈለኝ ሚያዝያ 23 ቀን 1975 ዓ.ም. በሚዛን ተፈሪ ከተማ ተወለዱ። ዕለቱ የሆሳዕና እሑድ ስለነበር ሌላ ስም አልተፈለገላቸውም። ሲወለዱ እጅግ ትንሽ ስለነበሩ እናታቸው ለክርስትናቸው እንኳ አይደርሱም ብለው ሰግተው ነበር። እግዚአብሔር ግን ሠላሳ አምስት ዓመት ጨመረላቸው። ቤተሰባቸው ከሁሉ አስቀድሞ ስለ እነዚህ ዓመታት ያመሰግናል።

አባታቸው በሚዛንና በቴፒ መካከል ቡና የሚያመላልሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ መንገዱ ተዘጋ፤ አባትም በወጡበት ቀሩ። እናት ክፉውን ጠብቀው ጥቁር ነጠላቸውን አጥበው እስከ ማስጣት ደረሱ። የስምንት ዓመቷ ሆሳዕና ግን ከአባታቸው ወሬ የሚያውቁትን መንገድ ከነወንዙ፣ ከነዳገቱ በግድግዳው ላይ በከሰል ሥለው፣ «እማዬ፣ አባዬ እዚህ ጋ ነው፤ ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ቆሟል» እያሉ ያጽናኑ ነበር። አቶ ታፈሰ በሰላም ሲመለሱ ሥዕሉን ዐይተው፣ «እኔኮ የቆምኩት ድልድዩን ተሻግሬ ነው፤ እዚያ ማዶ ልታስቀሪኝ ኖሯል?» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። ወ/ሮ ሆሳዕና የመጀመሪያ ካርታቸው ያ እንደሆነ፣ የመጀመሪያ እርማታቸውም ያ እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሚዛን ተፈሪ አጠናቀቁ። በ1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በጂኦግራፊ ተመረቁ። እናታቸው የጉንፋኑንም የወባውንም የሆዱንም መድኃኒት በሻንጣቸው አጭቀው ቢልኳቸው አብዛኛውን ለዶርም ጓደኞቻቸው አድለው ጨረሱት። ከምረቃ በኋላ በቦንጋ በተፈጥሮ ሀብት ሥራ አገለገሉ፤ በካርታ መረጃ ሥራም ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አገኙ። በ2000 ዓ.ም. ከአቶ አልአዛር ሙሴ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሳራንና ሚካኤልን ወለዱ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በቴፒ በመምህርነት ሠሩ። አባታቸው በዚያው ዓመት አረፉ። እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈሩት መንገድ አቶ ታፈሰን አልወሰዳቸውም፤ ልጃቸው እጃቸውን ይዘዋቸው በአልጋቸው ላይ አረፉ። ይህም ምስጋና ይገባዋል።

በቴፒ ካርታ የሚሠራበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም በነፃ የሚገኝና ብዙ የሚችል ነበር፤ ግን በመዳፊት የሚነካ ሥዕልም ቁልፍም የለውም። ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ ይጻፍለታል። አንዷ ፊደል የካርታውን ወሰን፣ አንዷ ቀለሙን፣ ሌላዋ መጠኑን ታዛለች። አንዷ ከተዛነፈች ካርታው አይወጣም፤ ለምን እንዳልወጣም አይናገርም። ስለዚህ ጤና ጣቢያውም፣ የውሃ ጽሕፈት ቤቱም፣ ቡና አምራቾቹም ካርታ ሲፈልጉ የሚመጡት ወደ ወ/ሮ ሆሳዕና ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይኮራ ነበር። እሳቸው ግን፣ «አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሥራ፣ ያ ሰው ጉንፋን የያዘው ቀን የለም ማለት ነው» ይሉ ነበር።

በ2005 ዓ.ም. ወ/ሮ ሆሳዕና ተማሪዎቻቸው በሚማሩት ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለዚያ ፕሮግራም አዲስ ማዘዣ መንደፍ ጀመሩ። የሹፌር ልጅ ናቸውና ሥራውን ሲያስረዱ፣ «ሞተሩ ደኅና ነው፤ አልነካውም። እኔ የምሠራለት መሪ ነው» ይሉ ነበር። በነጠላ ፊደል ይታዘዝ የነበረው በሙሉ ቃል እንዲታዘዝ አደረጉ። ቀድሞ የመጨረሻው ትእዛዝ መጨረሻ መሆኑ ካልተነገረው ካርታው ተበላሽቶ ይቀር ነበር፤ አሁን የካርታውን ፋይል ራሱ ከፍቶ ራሱ ይዘጋል። እያንዳንዱ መስመር ሲጨመርም ካርታው እዚያው ይታያል።

ሥራቸውን የሚፈትኑበት መንገድ ግን የራሳቸው ነበር። አዲስ ነገር በጨመሩ ቁጥር ከሚዛን የመጡትን እናታቸውን ኮምፒዩተሩ ፊት ያስቀምጣሉ። እናታቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ቢሆኑም የኮምፒዩተሩን የፊደል ቁልፎች ለመንካት ይፈሩ ነበር። ልጃቸው ደግሞ የፈለጉት ፍርሃታቸውን ነው። «ደግ የሚያስብ ሰው ፕሮግራም አይፈትንልኝም። እማዬ፣ የሚከፋውን ንገሪኝ» ይሏቸዋል።

«ብነካው የተሠራው ቢጠፋስ?»

«ጥሩ! ሌላስ?»

«መብራት ቢሄድስ? ብሳሳትስ ይቆጣኛል?»

አቶ አልአዛር ከወዲያ ሆነው፣ «እትዬ አሰጋሽ፣ ጣራው ቢወድቅስ ይበሏትና አርፋ ትተኛ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ፕሮግራሙ ግን ከዚያ በኋላ በነበረ ካርታ ላይ ሳይጠይቅ ሌላ የማይጽፍ፣ እያንዳንዱን እርምጃ የሚያስቀምጥ፣ ሰው ሲሳሳት የማይቆጣ ሆነ።

አንድ ጊዜ ተማሪዎቹ በሼካ ዞን በቴፒ ዙሪያ ያሉትን ምንጮች ቦታ በመስክ ለክተው ካርታ ቢያወጡ፣ ምንጮቹ ሁሉ አልጄሪያ ላይ ተገኙ። የመስክ መለኪያው ኬክሮስን ያስቀድማል፤ ፕሮግራሙ ግን ኬንትሮስን ስለሚያስቀድም ቁጥሮቹ ተገላብጠው ነበር። ክፍሉ፣ «የሼካን ውሃ ለበረሃ ሸጣችሁት!» እያለ ሲስቅ፣ በኋላ የሥራ ባልደረባቸው የሆነችው ተማሪያቸው ንጋቷ፣ «ቲቸር፣ ለምን ራሱ አይገለብጠውም?» ብላ ጠየቀች። ወ/ሮ ሆሳዕና እምቢ አሉ። «ዛሬ ሳይጠይቅ ካቃናልሽ፣ ነገ ሳይጠይቅ ያጣምምብሻል። ይጠይቅሽ፣ አንቺ ወስኚ» አሉ። እስከ ዛሬ ፕሮግራሙ እንዲህ ያለ ነጥብ ሲገባለት፣ «ይህ ቦታ ከኢትዮጵያ ውጭ ነው፤ ኬክሮስና ኬንትሮስ ተቀያይረው ይሆን?» ብሎ በአማርኛ ይጠይቃል።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት የኩላሊት ሕመም ታወቀባቸው። ለእጥበት አዲስ አበባ መቀመጥ ግድ ሆነ። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ከቴፒ እስከ ጌጫ ድረስ የትኞቹ ምንጮች ቀድመው በግንባታ እንደሚጎለብቱ የሚያሳየውን ካርታ የሚጠብቀው ያን ጊዜ ነበር። ካርታው ካልደረሰ ግንባታው ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል፤ በክረምት የሚደፈርሰውን ውሃ የሚጠጡት ሕፃናት ናቸው። ወ/ሮ ሆሳዕናን ከበሽታቸው በላይ ያስጨነቃቸው፣ የደከሙበት ሥራ ያለ እሳቸው መቆም መቻል አለመቻሉ ነበር። ሥራውን ለንጋቷ ሲያስረክቡ፣ «ሲያቅትሽ ደውዪ። መጀመሪያ ግን ፕሮግራሙ የሚልሽን አንብቢ» አሏት።

በመጀመሪያ ስልኩ ብዙ ጊዜ ይጮኽ ነበር። ከጥምቀት በኋላ አልፎ አልፎ ሆነ። በመጋቢት ጭራሽ ዝም አለ። አብረዋቸው የነበሩት እናታቸው፣ «ይሄ ዝምታ ደግ አይደለም። ወይ ኮምፒዩተሩ ተቃጥሏል፣ ወይ ልጅቷ ትታው ሄዳለች። ልደውልላት?» ቢሉ፣ ወ/ሮ ሆሳዕና እጃቸውን ያዙና፣ «ተዪያት፣ እማዬ። እኔ ስንት ዓመት የደከምኩት ይህን ዝምታ ለማግኘት አይደል?» አሉ።

በሚያዝያ መጀመሪያ ንጋቷ ካርታውን ጠቅልላ ከቴፒ በአውቶቡስ መጣች። ከበሩ ሳታልፍ፣ «ቲቸር፣ አልደወልኩም አይደል?» አለች። «አልደወልሽም! እኔማ ተረሳሁ ብዬ ላለቅስ ነበር» ብለው ሳቁ። ካርታውን አልጋቸው ላይ ዘርግተው እያንዳንዱን ምንጭ በጣታቸው ተከተሉ። የጌጫ ስም ከመንገዱ መስመር ላይ ተደርቦ ነበር። አቶ አልአዛር ዐይተው ሊናገሩ ሲሉ ወ/ሮ ሆሳዕና በዓይናቸው ከለከሏቸው። ንጋቷ ከሄደች በኋላ፣ «ራሷ ታየዋለች። አሁን ካርታው የእሷ ነው» አሉ። ያን ቀን ከታመሙ ጀምሮ ያልበሉትን ያህል በሉ። ካርታው በጊዜው ደርሶ የምንጮቹ ሥራ ተጀምሯል።

ወ/ሮ ሆሳዕና በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በሠላሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን አቶ አልአዛር ሙሴን፣ ልጆቻቸውን ሳራንና ሚካኤልን፣ እናታቸውን ወ/ሮ አሰጋሽ ከፈለኝን ትተው ሄደዋል። ያከሟቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ ከቴፒና ከሚዛን ድረስ የጠየቋቸው ጎረቤቶች፣ ሥራቸውን ተረክበው ያላስጨነቋቸው ተማሪዎቻቸው ሁሉ ብድራቸውን ከእግዚአብሔር ያግኙ።

እናታቸው ከልጃቸው ልደት ቀን ጀምረው የፈሩት ደርሷል። ነገር ግን እሳቸው እንደ ፈሩት ባዶ እጁን አልመጣም፤ ልጃቸው ሥራቸው ያለ እሳቸው በእግሩ ሲቆም ዐይተው፣ ደስ ብሏቸው ሄደዋል። ይህን ላሳያቸው አምላክ ምስጋና ይሁን። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ልጆቻቸውን ያሳድግልን። ነገን መፍራት የለመድነውንም፣ የተሰጠንን ቆጥረን እንድንጽናና ያበርታን። አሜን።