«አልፈራም በይ፣ ሦስቴ»

ጥር 9
ቀኑን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ዋልኩ። መኪናው ላይ ባጎነበስኩ ቁጥር እንቅርቴ አገጬን ይገፋኛል። ከሥራ በኋላ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። ለኦፕራሲዮን ቀን ቆረጠልኝ... የዛሬ ሳምንት። «የድምፅ ነርቭ እዚያው አጠገቡ ነው፤ ድምፅሽ ሊጎዳ ይችላል። እዚህ ጋ ፈርሚ» አለኝ። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ! ሃያ ዓመት በበሽተኛ ራስጌ ቆሜ የጸለይኩበት ድምፅ ነው። ፈረምኩ።

ጥር 14
ተኛሁ። የሰጡኝ የሆስፒታል ቀሚስ ጀርባው ላይ ሦስት ማሰሪያ አለው፤ አንዱም ከአንዱ አይገጥምም። ማን ይሆን የሰፋው? ባገኘው ጆሮውን ነበር የምይዘው። አጠገቤ የተኛችው ልጅ የሐሞት ጠጠር አለባት። «እትዬ፣ ከኋላ ክፍት ኖት እኮ!» አለችኝ። ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።
ከራት በኋላ ልጸልይ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ ቃል እንኳ አልመጣልኝም። ምን ነካኝ?

ጥር 15
የበሽተኛ ጠያቂ ማኅበራችን ሴቶች መጡ። አምስቱም። ስጠብቃቸው ነበር... ቢያንስ እነሱ ይጸልዩልኛል ብዬ። ሰብሳቢዋ እጄን ያዘች።
«ትፈሪያለሽ?»
«በጣም!»
እርስ በርስ ተያዩ። «እንደሱ አይባልም። አልፈራም በይ፣ ሦስቴ። ከዚያ እንጸልይልሻለን።»
«ብፈራስ አትጸልዩልኝም?»
«እህቴ፣ የሚፈራ ሰው እኮ እምነት ጎድሎታል።»
ደሜ ፈላ። እምነት የጎደለኝ እኔ ነኝ? የሚቀደደው የእኔ አንገት! የሚጠፋው የእኔ ድምፅ! እነሱ ከዚህ ወጥተው ሻይ ሊጠጡ! አልልም አልኩ። ሳይጸልዩልኝ ወጡ። አንዷ በር ላይ «ፈተና ገጥሟታል» ስትል ሰማኋት። ፈተናስ እናንተ!

እዚያው ቀን፣ ከሰዓት
ንዴቱ አልበረደልኝም። ግን ሌላ ነገር መጣብኝ... ይህን «ሦስቴ አልፈራም በይ» ማኅበሩ ውስጥ ማን አስገባው? እኔ። ሰብሳቢ በነበርኩ ጊዜ። ቃለ ጉባኤው ላይ ፊርማዬ አለ።
የወንድሜ ሚስት ለማህፀን ኦፕራሲዮን የገባች ቀን ትዝ አለኝ። «እኔ ግን ልጆቼን ሳስብ...» ስትል አፏን ያዝኩት። በእጄ! «አልፈራም በይ» አልኳት። አለች፣ ሦስቴ። ድና ስትወጣ ደግሞ «አየሽ?» አልኳት። አራት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ሰላም ትለኛለች እንጂ የሆዷን አታጫውተኝም። እኔ ደግሞ ኮርታ ነው እል ነበር። አቤት የእኔ ዓይን አውጣነት!
ደወልኩላት።

ጥር 16
በጠዋት መጣች። የሱፍ ካልሲ አውጥታ እግሬ ላይ አደረገችልኝ። ከዚያ፣
«ፈራሽ?»
«ፈራሁ። ድምፄን...»
«እኔም ፈርቼ ነበር።»
«አውቃለሁ። አፍሽን ይዤ... ይቅር በይኝ።»
«ድነሽ ስትወጪ እንጣላበታለን» አለች። ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቷል።
ያኔ ነው ጸሎት የመጣልኝ። «ጌታዬ፣ ፈርቻለሁ፤ አብረኸኝ ግባ።» በቃ ይኸው ነው። ይህን በችኮላ ጻፍኩ። አልጋ የሚገፋው ሰውዬ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ጥር 18
ድምፄ የለም። ሹክሹክታ ብቻ። ሐኪሙ «ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» ይለኛል፣ ሰዓቱን እያየ። ሰዓቱን!
ዛሬ የኦፕራሲዮን ተራው የልጅቷ ነው። ማኅበሩ እኔን ሊጠይቅ መጥቶ እሷን አገኘ። ሰብሳቢዋ እጇን ያዘቻት። «አልፈራም በይ፣ የኔ ልጅ።» ልጅቷ ጀመረች። «አል...»
«ተዪ!» አልኩ። ማን ይስማኝ? የብረት ኩባያዬን አነሳሁና የአልጋውን ብረት ደበደብኩት። ሁሉም ዞሩ። ነርሷም እየሮጠች ገባች። ባለችኝ ትንፋሽ ተናገርኩ።
«ምን አለች?» አለች ሰብሳቢዋ።
የሰማችኝ ልጅቷ ብቻ ነበረች። «ተዉአት ትፍራ፣ እንደፈራች ጸልዩላት ነው የሚሉት!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ለቅሶዋን ለቀቀችው። «እፈራለሁ! በጣም ነው የምፈራው!»
ሰብሳቢዋ አየችኝ። ኩባያዬን አላስቀመጥኩም። ቀስ ብላ የልጅቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ መጸለይ ጀመረች። ልጅቷ እስክትወሰድ እያለቀሰች ነበር። ማንም አፏን አልያዘም።