አባዬ ለቀዶ ጥገና የገባ ዕለት

እማዬ፣ እናት ዓለሜ፤

አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ። ከተለየሽን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ቤታችን እንደተውሽው አይደለም። የደሴ ብርድ አልስማማው ስላለ አባዬ ኮምቦልቻ እኔ ዘንድ ወርዷል። ድመትሽንም በካርቶን አድርጎ ይዟት መጣ።

እንዴት እንደታመመ ልንገርሽ። ባለፈው ክረምት ሳል ያዘው። ብርድ ነው እያለ አቃለለው፤ ሲቆይ ሳንባውን መግል ከበበው። ሐኪሞቹ ደረቱ ተከፍቶ መጽዳት አለበት አሉ። ዕድሜሽን ሙሉ ሰመመን ስትሰጪ በኖርሽበት በዚያው በደሴው ሆስፒታል አስተኛሁት። ቀዶ ጥገናውን ግን እምቢ አለ። የፈራው ምላጩን አልነበረም።

"ዘይነብ ሳትኖር ማን ያስተኛኛል? በዚያው ብቀርስ?" አለኝ።

ሦስት ቀን ለመንኩት። በአራተኛው ቀን አንዲት ቀጭን ልጅ ወደ አልጋው መጣች። ሰዓዳ ትባላለች፤ ሥራውን ያስተማርሻት ልጅ ናት። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

"አባቴ፣ ሰመመን የምሰጥዎ እኔ ነኝ። ያስተማረችኝ ሲስተር ዘይነብ ናት። እስኪነቁ ድረስ ከራስጌዎ ንቅንቅ አልልም" አለችው።

አባዬ ትክ ብሎ አያት። "እሷ ምሳ ሳትበላ ነበር የምትውለው። አንቺስ በልተሻል?" አላት። ሳቀች። እሱም የፈቃድ ወረቀቱን ፈረመ።

የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ሆኜ ስጠብቅ፣ በኢድ ቀን ከሆስፒታል ስልክ ተደውሎልሽ ጸጉሬን ሠርተሽ ሳትጨርሺ ትተሽኝ የወጣሽው ትዝ አለኝ። ለዓመታት ተቀይሜሽ ነበር፣ እማዬ። ከጎኔ ከደሴ ዙሪያ የመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ጨብጠው ይጸልያሉ፤ ልጃቸው ውስጥ ነው። ያኔ አንቺን የወሰደብኝ ስልክ ለእንዲህ ያለች እናት ልጅ የተደወለ እንደነበር ገባኝ። ወላሂ፣ አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ ሰዓዳ ወጣች። ጭንብሉ ፊቷ ላይ መስመር ሠርቷል። "ነቅተዋል። መጀመሪያ የጠሩት የሲስተርን ስም ነው" አለችኝ።

ከባዱ ከዚያ ወዲያ ነበር። ጎኑ ላይ ቱቦ ገብቶለት፣ እንኳን መሳል በረጅሙ መተንፈስም ፈራ። ሰዓዳ በጀርባው በገባች ቀጭን ቱቦ ማደንዘዣ እየሰጠች ሕመሙን አስታገሰችለት። ከዚያ ትራስ ደረቱ ላይ አሳቅፋ፣ "ይሳቡ፤ ያዝ ያድርጉት፤ አሁን ይሳሉ" ትለው ጀመር። በማግስቱ ደግፋ ከአልጋው አስነሳችው። አባዬ ተቆጣ።

"ይቺ ልጅ ቁርጥ ዘይነብ ናት፤ አታዝንም!" አለኝ። እሱው ተናግሮ እሱው ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ አመመውና ትራሱን አጥብቆ አቀፈ።

ለምን እንዲህ እንደምትደክምለት ሰዓዳን ጠየቅኳት። ለካ አንቺ ተማሪዎችሽን፣ በሽተኛው ዓይኑን ስለገለጠ ሥራችን አለቀ እንዳትሉ፣ በእግሩ ሲሄድ እዩት ትያቸው ነበር። ራስሽም ከሥራ ስትወጪ በየሕሙማን ክፍሉ እየዞርሽ፣ ያስተኛሻቸውን ሰዎች እንዴት ተነፈሱ እያልሽ ትጠይቂ እንደነበር ነገረችኝ። እኛ ቤት ራቱ ሲቀዘቅዝ አንቺ እዚያ ነበርሽ። ይህን ሁሉ አንድም ቀን አልነገርሽንም።

አልሐምዱሊላህ፣ አባዬ ድኗል። ባለፈው ጁሙዓ መስጊድ ድረስ ያለውን ዳገት አንዴም ሳያርፍ ወጣው። እኔ ከበር ላይ ቆሜ እያየሁት አለቀስኩ።

ሰዎች እናትሽ ሥራዋ ምን ነበር ሲሉኝ፣ "ሰው ታስተኛ ነበር" እያልኩ ነው የኖርኩት። ቃል እገባልሻለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ለልጆቼም ጭምር፣ "እናቴ ሰው ታነቃ ነበር" እላለሁ።

ልጅሽ ፋጡማ