የትሬቴሱ ናሙና ክፍል

ሰኞ፣ መጋቢት 1

ሱራባያ እንደልማዷ ትጋላለች። ቢሮ አርፍጄ ደረስኩ። አለቃዬ አቶ ሃንዶዮ፣ ፓክ ሃንዶዮ እንደምንለው፣ ተራራማዋ ትሬቴስ ያለውን ሆቴል ሥዕል ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ።

"ኤንዳህ፣ ሎቢው ውስጥ ጭጋግ ይታየኝ።"

ጭጋግ?

"እንግዳው ገና ከበር ሲገባ ተራራ ላይ መውጣቱ ይሰማው።"

ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ግራጫ መጋረጃ ስመርጥ ዋልኩ። ሃያ ሰባት ዓይነት ግራጫ። አሁን ስጽፍ አንዱም አይታወሰኝም።

ሃያ ዓመት አለፈኝ በዚህ ሥራ። የሆቴል፣ የስፓ፣ የመዝናኛ ክለብ ውስጡ ምን ይምሰል ብሎ ማሰብ፣ መሳል... አብዛኛው ሥዕል ሆኖ ይቀራል። ባለሀብቱ ያያል፣ ያደንቃል፣ ይጠፋል። ይሄኛው ግን ከምር ሊሠራ ነው። ሆቴሉ ፎቅ በፎቅ ይታደሳል፤ አንድ ናሙና ክፍል ከወዲሁ ተሠርቷል። ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? ደክሞኛል ብቻ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ምሳ ራዎን በላሁ። ጥቁሩ ሾርባ ነጭ ሸሚዜ ላይ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ትሬቴስ ወጣን። ናሙና ክፍሉን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

የራስን ሥዕል በር ከፍቶ መግባት... እንዴት ልበለው? አልጋው እንዳሰብኩት ዝቅ ብሎ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ተቀምጧል፤ ፍራሹ ከድንጋዩ ጠርዝ እኩል። ነጩ ገንዳ መስኮቱ ሥር ለብቻው፣ ከጀርባው ተራራው። ራስጌው ከወለል እስከ ጣሪያ ቀጫጭን እንጨት። መቶ አርባ ናቸው፤ የቆጠርኳቸው እኔ ነኝ።

ፓክ ሃንዶዮ ፎቶ አነሳ፣ አነሳ፣ አነሳ። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ የሆቴሉ ባለቤት መጥታ ትፈርማለች አለ።

አማረ። እኔ ግን ያየሁት አልጋውን ነው። ልተኛበት ብቻ ነው ያማረኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

የሶፋ ጨርቅ ከክፍሉ ብርሃን ጋር ላመሳክር ብቻዬን ሄድኩ። የናሙና ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ሰው የለም። ከአልጋው ማዶ ግን ትንፋሽ ይሰማል...

አንዲት ሴት ወለሉ ላይ በጎኗ ተኝታለች። የክፍል አጽጂዎቹን የደንብ ልብስ ለብሳለች። የአንሶላውን ጫፍ ገና አልለቀቀችም።

"ወደቁ እንዴ?"

"አልወደቅኩም ኢቡ። ወገቤ ነው የያዘኝ። ቆይቶ ይለቀኛል። በሩን ይዝጉልኝ።"

ሰው ልጥራ ብዬ ስነሳ ቁርጭምጭሚቴን ያዘችኝ። ከምሯን ያዘችኝ። "እንዳይሰሙ። ጡረታዬ ዓመት ከስምንት ወር ቀርቶታል። አልቻለችም ካሉ ቤትሽ ግቢ ነው የሚሉኝ።"

ምን ላድርግ? በሩን ዘጋሁና አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ስሟ ላስትሪ። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። በቀን ዐሥራ አራት ክፍል ታጸዳለች፤ ለአንዱ ግማሽ ሰዓት። አሮጌዎቹን ክፍሎች ትችላቸዋለች። ይሄኛውን ግን የሆቴሉ ባለቤት እስክትመጣ በየቀኑ አጽጂ ተብላለች።

"ፍራሹ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው። አንሶላውን ለመጠቅጠቅ መንበርከክ አለብኝ። ከዚያ እጄ ድንጋዩና ፍራሹ መሃል ይቀረቀራል። ገንዳው ደግሞ ከኋላው ክፍተት አለው፤ ቆሻሻ ይገባል፣ ሰው አይገባም። እነዚያ እንጨቶች... ስንት ናቸው?"

መልሱን አውቀው ነበር።

"ይሄን የሠራው ሰው በዕድሜው አልጋ አንጥፎ አያውቅም" አለች።

"እኔ ነኝ የሠራሁት።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ማማሩስ ያምራል" አለች።

እንደ እመቤት ኢቡ አትበዪኝ አልኳት። እኔም እንደ እህት ዩ ላስትሪ ልበልሽ፣ ታላቄ ነሽ። ልትስቅ ስትል ሳቁ ወገቧን ወጋት። ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። ማልኩ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ዘበኛውን ለምኜ ክፍሉን አስከፈትኩ። አንሶላውን፣ ትራሱን፣ ሁሉንም ገፍፌ ጣልኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አልጋ፣ ገንዳ፣ ወለል፣ መስኮት፣ እንጨቶቹ አንድ በአንድ።

አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። የሁለት ጣቶቼ ቆዳ ተልጧል። ያንን የድንጋይ ጠርዝ የሳልኩት በአንድ ከሰዓት ነው። ሻይ እየጠጣሁ።

ቤት ስገባ ባሌ ጉልበቴን አየ። "ምን ሆነሽ ነው?"

"አልጋ ሳነጥፍ።"

"የማንን?" አለ። ሳቅኩ። በዚህ ሳምንት የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ዛሬ ብዙ ነገር ሆነ። በተራ ልጻፈው።

የሆቴሉ ባለቤት ኢቡ ሜሊያና ከዘራዋን ይዛ መጣች። ሰባ ታልፋለች፤ ትንሽ ሴት ናት፣ ዓይኗ ግን ሁሉ ቦታ ነው። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ። ፓክ ሃንዶዮ ስለ ጭጋግ፣ ስለ ድንጋይ፣ ስለ ዝምታ አስረዳ። ሲናገር ይችልበታል። ወደደችው። ልትፈርም ቁጭ አለች።

"አልጋው ከፍ ማለት አለበት" አልኩ።

ፓክ ሃንዶዮ ፈገግ አለ። "ኤንዳህ ቀልድ ትወዳለች።"

"አልቀለድኩም። ለሚያነጥፈው ሰው አይመችም። ወገብ ይሰብራል።"

ኢቡ ሜሊያና እስክሪብቶውን አስቀመጠች። "ማን ነገረሽ?"

ሥራ አስኪያጁ አፌን ያያል። ዩ ላስትሪ ኮሪደሩ ላይ ጋሪዋን ይዛ ቆማለች። ምዬላታለሁ...

"ማንም። ራሴ አጽድቼ ነው ያየሁት። አንድ ሰዓት ከሃያ ፈጀብኝ።"

"ስለማትችይበት ይሆናል።"

"ሊሆን ይችላል።"

ተነስታ በከዘራዋ አንሶላውን ጎትታ ጣለችው። "እስቲ አንጥፊው። እኔ እያየሁ።"

ከአለቃዬ ፊት ተንበረከክኩ። ፊቴ ጋለ። አንሶላውን ከመጀመሪያው ማዕዘን ጀምሬ ጠቀጠቅኩ። ሦስተኛው ማዕዘን ላይ ስደርስ በጎኔ አንድ ነገር አለፈ፦ እጅ። ኢቡ ሜሊያና ጎንበስ ብላ ጣቶቿን ድንጋዩና ፍራሹ መሃል ልታስገባ ትሞክራለች። ቀለበቷ ድንጋዩን ፋቀው።

"አባቴ በስድስት ክፍል ነበር የጀመረው" አለች፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። "ያነጠፍነው እኔና እናቴ ነን።" ከዚያ ወደ ሃንዶዮ ዞረች። "ድንጋዩ ይውጣ። አልጋው ከፍ ይበል። እንጨቱም ይቅር።"

"ገንዳውስ?" አልኩ።

"ገንዳው ይቆያል። ሰው ፎቶ የሚነሳው እሱ ላይ ነው።"

ስንመለስ ፓክ ሃንዶዮ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። ሱራባያ ልንገባ ስንል ብቻ፦ "ከሰው ፊት አዋረድሽኝ።" እውነቱን ነው፤ ለእሱ አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ። ለምን አልነገርኩትም? እንቢ እንደሚለኝ ስለማውቅ።

ሰኞ፣ መጋቢት 22

ትሬቴስን ከእጄ ወሰዱት። የካራኦኬ ቤት ሰጡኝ። ሐምራዊ ግድግዳ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10

ሥራ ለቀቅኩ። ፓክ ሃንዶዮ በር ድረስ ሸኘኝ። "ጥሩ እጅ አለሽ፣ ኤንዳህ። ግን ደንበኛው የሚገዛው ሕልም ነው" አለ። ክፋት አልነበረውም። ቤት መጥቼ በቀን ተኛሁ፤ እስከ ማታ አልነቃሁም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

የትሬቴሱ የመጀመሪያ ፎቅ ተከፈተ። ማንም አልጠራኝም። በአውቶቡስ ሄድኩ።

ዩ ላስትሪን ሠራተኞች የሚበሉበት ክፍል አገኘኋት። እግሯን ሁለተኛ ወንበር ላይ ሰቅላለች። የሥጋ ድቡልቡል ሾርባዋን፣ ባክሶዋን፣ ወደኔ ገፋ አደረገችልኝ፣ ከአንድ ሳህን በላን።

"ወገብሽስ?"

"ወገቤ ተሽሎታል። አሁን እግሬ ነው።"

"እግርሽ ደግሞ ምን ሆነ?"

አኘከች፣ ዋጠች። "አልጋው ቀለለ አይደል? ክፍሉ ግማሽ ሰዓት መፍጀቱ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ ቆሞ በሰዓት ለካን። አሁን በቀን ዐሥራ ሰባት ክፍል ነው።"

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

"አንቺ ምን አደረግሽ? ብዪ" አለች። "ይቀዘቅዛል።"

አውቶቡስ ውስጥ ማልቀስ እንኳ አቃተኝ። እና ያ ሁሉ ለማን ነበር? ላስትሪ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

ስለ ዐሥራ ሰባቱ ክፍል ልነግራት ኢቡ ሜሊያና ዘንድ ደወልኩ። በትዕግሥት ሰማችኝ። "ልጄ፣ አልጋው ያንቺ ሥራ ነበር፣ ሰማሁሽ። የሠራተኞቹ ጉዳይ ግን የሥራ አስኪያጁ ነው።" ስልኩን በጨዋ ደንብ ዘጋችው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ማላንግ ከተማ። ሃያ ሁለት ክፍል ያላት ትንሽ ማረፊያ። ባለቤቱ ፓክ ሱዊርያ ጡረታ የወጣ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። ባለፈው ሳምንት የንድፍ ሐሳቤን ሳሳየው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሥዕል አልነበረም። ቀለምም። አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፍኩት፦ አንድ ሰው በቀን ከዐሥር ክፍል በላይ አያጸዳም።

መነጽሩን አወለቀ። "ይሄ የቤት ውስጥ ዲዛይን ነው?"

"አዎ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሳው።"

ገጹን ገለጠ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ሌላ ሰው ፈልጊ ይለኛል ብዬ ቦርሳዬን ማንሳት ጀምሬ ነበር። ከሥሩ ፈረመ። አንድ ሰው። አንድ ማረፊያ። ትሬቴስ ዛሬም ዐሥራ ሰባት ነው፤ ረስቼው አይደለም።

ዛሬ ደግሞ የዩ ላስትሪ የዕረፍት ቀን ነበር። ነይ ብዬ ስለምናት "እግሬ ይረፍበት" ብላ ነበር፤ መጣች። ያሳየኋት ቀለም ያልነካው የጣውላ አልጋ ነው፣ ፍራሽ ብቻ ያለው። ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ሳትናገር አነጠፈችው። ዙሪያውን ሄደች። ተመልሳ ጎኑ ላይ ቆመችና መዳፏን ዳሌዋ ላይ አሳረፈች።

"እስከዚህ። አራት ጣት ጨምሪበት።"

የሣልኩትን አጥፍቼ እንደገና ሣልኩት። አየሁት። "ዩ፣ እንዲህ ከሆነ እንግዳው ሲቀመጥ እግሩ መሬት አይደርስም እኮ።"

"ይዝለላ" አለች።

ተከራከርን። ፓክ ሱዊርያ ሻይ ይዞ መጥቶ ቆሞ ሰማን። ሁለት ጣት ላይ ተስማማን።