የአክስቴ ዘሀራ ሁለት ድምፅ

ሰኞ

…አክስቴ ሁለቱን የስፌት መኪኖቻቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ አይሱዙው ላይ ከጎናቸው ተቀምጠው፣ እስከ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን እንደ ሕፃን ደግፈዋቸው ሲወርዱ። ያኔ ስንት ዓመቴ ነበር? ዛሬ አክስቴ ዘሀራ የስብሰባውን ወሬ ሲነግሩኝ ነው ትዝ ያለኝ። የስፌት ማኅበራቸው ቅዳሜ ድምፅ ይሰጣል፤ ስፌት ቤቱ ኮምቦልቻ ይቆይ ወይስ ደጋን ይዛወር? በዚያ በሚያማቸው ጉልበታቸው ከደሴ ደጋን በየቀኑ መመላለስ አይሆንላቸውም። ከተዛወረ ሥራቸው አበቃ።

«ሁለት ድምፅ አለኝ» አሉ። «አንቺ የሒሳብ መምህር አይደለሽ? ማንን ባግባባ እንደሚሻል አስልተሽ ንገሪኝ።»

ማክሰኞ

ድምፁ አባላቱ ባመጡት የስፌት መኪና ቁጥር ነው። ሰዒድ ሦስት፣ አልማዝ ሦስት፣ ጌታቸው ሦስት፣ አክስቴ ሁለት። ለማሳለፍ ስድስት ያስፈልጋል።

ከባለ ሦስቶቹ ሁለቱ ከተስማሙ ስድስት ሞላ፤ አክስቴ አያስፈልጉም። አንዱ ብቻ ከአክስቴ ጋር ከሆነ አምስት፤ አይበቃም። ሌላ መንገድ የለም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የወደድኩት የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ የድምፅን ኃይል የሚለካው እንዲህ ነው፤ የአንድ ሰው እጅ መነሳት ውጤቱን ስንት ጊዜ ይለውጣል? የአክስቴ ዜሮ። ሦስት ጊዜ ሠራሁት።

ለስብሰባ ሲሄዱ አዲሱን ሻሽ ነው የሚያስሩት።

ረቡዕ

«ደረስሽበት?» አሉኝ። ገና ነኝ አልኩ። ዋሸሁ።

ስድስቱ ሰባት ቢሆንስ? ያኔ ሁለት ባለ ሦስቶች ብቻቸውን አይበቁም። አክስቴ ይቆጠራሉ! ደንቡን ለመቀየር ግን ያው ስድስት ድምፅ ያስፈልጋል።

ሐሙስ

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጌታቸው መዛወሩን ስለማይፈልግ ስድስቱ ሰባት እንዲሆን ወዲያው ተስማማ። ሰዒድ ጋ ስደርስ ከበደኝ። ቤቱ ደጋን ነው፤ እሱና አልማዝ ቅዳሜ ስድስት ሆነው ሊያሳልፉት ነው።

«እትዬ ዘሀራ እኮ ሁለት ድምፅ አላቸው፤ ምን ጎደላቸው?» አለ። ስሌቱን ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ። «ወላሂ፣ አናውቅም ነበር።» ከዚያ ሳቀ። «ቆይ፣ ሰባት ከሆነ የእኔና የአልማዝ አይበቃም ማለት ነው። እጄ የገባውን ራሴው ልልቀቅ ነው የምትይኝ?»

አዎ፣ ነው ያልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ዓርብ

ለአክስቴ ነገርኳቸው። «ዜሮ?» አሉ። ያስቆጣቸው ግን ሌላው ነው።

«ሰዒድ ጋ ሄድሽ? ሳልልክሽ? አማላጅ የላክሁ ነው እኮ የሚመስለው! ቢያደርገውም ሰደቃ ነው የሚሆነው።»

ይህን እንዴት አላሰብኩም?

ቅዳሜ

ጠዋት ግን «ተነሽ፣ ሚኒባሱ ሳይሞላ» አሉኝ። መንገዱን ሁሉ በመስኮት ሲያዩ ነበር።

ሰዒድ ስፌት ቤቱ ደጃፍ ቆሟል። «ይግቡ እንጂ እትዬ፣ እርስዎን ነው የምንጠብቀው።»

«ዜሮዋ መጣች በላቸው» አሉት።

አንገቱን ደፋ። አክስቴ ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡ።

«አጀንዳው ያው የመዛወሩ ነው አይደል?»

«ሁለት ሆኗል፣ እትዬ። መጀመሪያ የደንቡ ነው።»

ዞረው አዩኝ። ልከተል ስል «አንቺ አባል አይደለሽም» አሉና በሩን ዘጉት።