ያላየሁት ሕልም

ለእታለሜ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ያ የጉሮሮሽ ሕመም ተወሽ ወይ? ስልሳ ልጅ ፊት ቆሞ ቀኑን ሙሉ መጮህ፣ ጉሮሮ ቀርቶ ብረትም ያደክማል። ቤቱስ ከእማዬ በኋላ አልሰፋብሽም? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ የምበላው አላጣሁም፣ አልጋም አልያዝኩም ማለቴ ነው። የቀረውን ከዚህ በታች ታነቢዋለሽ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ወር አለፈው። መልሱ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። እማዬ ልታርፍ ሰሞን እጅሽን ይዛ ይቅር በይኝ፣ ይቅር በይኝ እያለች ታለቅስ እንደነበር፣ ምን አድርገሽኝ ነው ስትያት ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር እንደነበር ጽፈሽልኛል። አንቺ ታውቂ እንደሆነ ንገሪኝ ብለሽኛል። ያኔ አላውቅም ነበር። አሁን የማውቅ ይመስለኛል። ግን የእሷን ከማንሳቴ በፊት የራሴን መናገር አለብኝና፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢልኝ።

እማዬ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ የሰፈሩን ሕልም ስትፈታ ታስታውሻለሽ። ጥርስ ዘመድ ነው፤ የላዩ በአባት በኩል፣ የታቹ በእናት። ዓይን ልጅ ነው፣ ጀርባ አባት። እግር መንገድ፣ ምላስ ክስ። ቀኝ እጅ ባል ነው፣ ግራ እጅ እህት። ያቺ ወሬ የማይጠግባት ጎረቤታችን አፍንጫዬ ረዝሞ አየሁ ብትላት፣ እማዬ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፣ የሰው ቤት ማሽተት ተዪ ማለት ነው ብላት ስንት ቀን ተሳቀ። ግን እማዬ ስትቀልድም ስትፈታም አንድ ነገር አትረሳም ነበር። የላይ ነው የታች? ቀኝ ነው ግራ? ብላ ሳትጠይቅ አንድም ሕልም ፈትታ አታውቅም።

ሰርግሽ አምስት ሳምንት ሲቀረው እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባባ ከሞተ ወዲህ እማዬ ቀን ሙሉ ቃል ሳይወጣት የምትውልበት ጊዜ እንደነበር አትዘነጊውም። እንደዚያ ባለ ቀን እኔ አንቺ ጉያ ነበር የምገባው። እጮኛሽ አናጺው ሲመጣ ደግሞ አንቺ እንደ ሌላ ሰው ትስቂያለሽ። እሱን አልጠላሁትም። ትንሿ እያለ በጠራኝ ቁጥር ከእንጨት ስባሪ የቀረጸው አንድ ነገር ከኪሱ ያወጣልኝ ነበር። የጠላሁት መሄድሽን ነው። እዚያ ቤት ከእማዬ ዝምታ ጋር ብቻዬን ልቀር ነው ብዬ ሰውነቴ ሁሉ ፈራ።

አንድ ጠዋት አንቺ ወደ ትምህርት ቤት ከወጣሽ በኋላ እማዬ አጠገብ ሄጄ ቆምኩና ሕልም አየሁ አልኳት። እታለም መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ጸጉሯን ስታበጥር እጇ ከአንጓው ላይ እንደ ጓንት ወለቀ፣ ደም የለውም፣ አንስታ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችውና በሌላው እጇ ማበጠሯን ቀጠለች አልኳት። እታለሜ፣ እኔ ምንም ሕልም አላየሁም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ነው የተኛሁት።

የእማዬ እግር የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ቆመ። ከዚያ፣ ቀኙ ነው፣ አለች። ቀኝ እጇን ያጣች ሙሽራ ዓመት ሳይሞላ ባሏን ትቀብራለች። ይህንን ለማንም አትንገሪ፣ ለእሷም ቢሆን።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። አንቺን ሕልም ታይቶብሻል አለችሽ፤ ያየችው ራሷ መስላሽ ኖርሽ። የአናጺውን ሽማግሌዎች በር ላይ እንደቆሙ መለሰቻቸው። ለእሱ አንድ ቃል ምክንያት የሰጠው ሰው የለም። አንቺ ቀሚሱን አጥፈሽ ሳጥን ውስጥ ከተትሽና በማግስቱ ሥራሽ ገባሽ። ስታለቅሺ ባይሽ ኖሮ እውነቱን እናገር ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ውሸቴን ነው፤ አልናገርም ነበር። እንዳትሄጂ ያስቀረሁሽ እኔ ደግሞ ሰባት ዓመት ሳይሞላ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። እማዬን አንቺ ጦርሽ፣ አንቺ አስታመምሽ፣ አንቺ ቀበርሽ።

አሁን ወደ ቅርቡ ልምጣ። መቼም ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ እጅና እግር ላጡ ሰዎች እጅና እግር እንሠራለን። ከሁለት ወር በፊት ጢሙ የነጣ፣ ቀኝ እጁ ከአንጓው በላይ የተቆረጠ ሰው ገባ። ወረቀቱን ሳላይ ተቀመጡ አልኩት። እሱ ግን ከመቀመጡ በፊት በግራ አውራ ጣቱ የጠረጴዛዬን ጠርዝ ዳሰሰና፣ ይቺ እንጨት ሳትደርቅ ነው የተሠራችው፣ ክረምት ሲገባ ትሰነጠቅብሻለች አለኝ። ድምፁን ስሰማ ያንቺ አናጺ መሆኑን አወቅኩ።

እሱ አላወቀኝም። በጄሶ የተነከረውን ጨርቅ ክንዱ ላይ እየጠመጠምኩ፣ ሁሉንም እንደምጠይቀው እንዴት ደረሰብዎት አልኩት። የመጋዝ ማሽን ነው አለኝ። ሰው ሥራ ላይ ሆኖ ሌላ ማሰብ የለበትም። እኔ ግን ያን ሰሞን አንድ ቤት ሰዎችን ምን አስቀይሜ ይሆን እያልኩ ነበር የምውለው፤ ምን እንዳጠፋሁ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ይህን ሲል እንደ ሌላ ሰው ታሪክ አድርጎ፣ ረጋ ብሎ ነው። ጊዜውን ስጠይቀው ሰርጋችሁ በፈረሰ በሰባተኛው ወር ሆነ። ጄሶው እስኪደርቅ አጠገቡ መቀመጥ ነበረብኝ። ተቀመጥኩ፤ ግን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ሲወጣ፣ አግዳሚው ላይ ጋደም እንዳልኩ ያንን ሕልም አየሁት። ያንኑ ሕልም፣ የፈጠርኩትን። መስኮቱ አለ፣ የሚያበጥር ሰው አለ፣ እጁም ደፉ ላይ ተቀምጧል። ያላልኩት ነገር ግን ነበረው፤ ጣቶቹ ሰው እንደሚጠብቅ ሰው እንጨቱን በቀስታ ይመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር ይመጣል። አውቶቡስ ውስጥ እንኳ መጥቶብኛል። መደርደሪያው ላይ ያሉትን እጆች ሞርጄ በብርጭቆ ወረቀት ስጠርግ፣ ጀርባዬን ስሰጣቸው ያንን ምት የምሰማ እየመሰለኝ ሥራዬን አቁሜ እዞራለሁ። ሕልሙ ውስጥ የምታበጥረው ሴት ደግሞ ብዙ ቀን ጀርባዋን ሰጥታኝ አንቺ ትመስይኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ዞር አለች። እማዬ ናት።

ለሦስተኛ ጊዜ ልኩን ሊሞክር ሲመጣ ሁሉንም ነገርኩት። ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንዳልኩ፣ ምን እንደሆነ። ይጮኽብኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን የተቆረጠውን ክንዱን በግራ እጁ እንደያዘ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። ቀኙ ነው ብለሽ ነበር? አለኝ።

እኔ እኮ ቀኝ አላልኩም። እጇ ነው ያልኩት። የትኛው እንደሆነ አላሰብኩትም ነበር፤ ብትጠይቀኝ ምን እንደምል አላውቅም። እሷ ግን አልጠየቀችኝም። ያንን ቀን ብቻ አልጠየቀችኝም።

እማዬ ምን እንዳሰበች አልጽፍልሽም። ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረሻት የኖርሽው አንቺ ነሽ። እኔ ይህንን የምልሽ ጥፋቴን ለሁለት ልካፈለው ፈልጌ እንዳይመስልሽ። ቃሉ የወጣው ከእኔ አፍ ነው። ይቅር በይኝ ለማለትም አፌ አልደፈረም፤ እሷ ስንት ጊዜ ብላሽ ምን እንደመለስሽላት አልጻፍሽልኝምና።

አናጺው ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል፤ ልጅ አልነበራቸውም። እጁን የምናስረክብበት ቀን፣ እህትሽ አሁንም እዚያው ቤት ናት ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ደህና ናት ወይ አለኝ። ይህን ደብዳቤ ልጽፍላት ነው፣ በፖስታ ልልከው ግን እጄ አይታዘዘኝም አልኩት። ከዚያ፣ ስትጨርሺው ጥሪኝ አለኝና ሄደ።

እንግዲህ ይኸው ጨርሻለሁ። አምላክ ጤናሽን ያብዛልሽ፣ ቤትሽን ሳቅ አያሳጣው፣ እንቅልፍሽን የሰላም ያድርግልሽ። ብትጽፊልኝም ባትጽፊልኝም አልቀየምሽም።

ደብዳቤውን ያመጣልሽን ሰው በር ላይ ትተሽው ከሆነ የምታነቢው፣ ቁጭ እንዲል ንገሪው፤ መንገዱ ሩቅ ነው። ጢሙን አትይ። አንብበሽ እስክትጨርሺ ምንም እንዳይናገር ቃል አስገብቼዋለሁ። በግራ እጁ ስለሰጠሽ ደግሞ አትቀየሚው። ቀኙን ገና አልለመደውም፤ የያዘውን ቶሎ አይለቅም።

ታናሽሽ